ድንጋዩ አገሩ ገባ

ሮማን በአንድ ቀን አየኋት የሚል ሰው ቀጣፊ ነው ይባላል። እኔም አየኋት አልልም። ከሰሜን ጣሊያን በሌሊት ባቡር ገብቼ፣ ውዬ፣ በሌሊት ባቡር የምመለስ ተማሪ ነበርኩ። ገንዘቤም እንደ ጊዜዬ ጥቂት ነበር። ስለዚህ አገር ጎብኚ ሁሉ የሚሰለፍበትን ለሌላ ቀን ትቼ፣ «ሐበሻ በሮማ ሲውል ምን ያያል?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ይዤ ወጣሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ አንባቢ ከእኛው ጋር እንዳያምታታቸው።)

መሪዬ የእናቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ሮማ የገቡት በ1998 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጣሊያን አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን ሲያጥቡ፣ ሲመግቡ፣ ሲያነሡና ሲያስተኙ ኖረዋል። ጣሊያኖቹ ይህን ሥራ የያዘችውን ሴት «ባዳንቴ» ይሏታል። ዕረፍታቸው ሐሙስ ነው። ገና ከባቡሩ ስወርድ «እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ያንተው ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሴትዮዋ መድኃኒቷን ትውጣለች» አሉኝ።

ከተርሚኒ ጣቢያ ስትወጣ መጀመሪያ የሚቀበልህ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው፤ በላዩም «ፌርማታ» ተብሎ ተጽፏል። ሳቅሁ። አዲስ አበባ የሄድኩ መሰለኝ። አደባባዩ ግን ስሙ ሌላ ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በቀን ስንት ሺህ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያቋርጠዋል! ከነዚህ ውስጥ «አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ መኖሩን እንጃ። እኛ ግን እናውቃቸዋለን። በጥር ወር 1887 ምጽዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው።

ሐውልታቸውም ሩቅ አይደለም። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ እልፍ ብሎ፣ ከጥንቱ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፊት ለፊት፣ ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ ቆሟል። ቀና ብዬ ሳየው በላዩ የግብጽ ጽሑፍ! ለካ የዳግማዊ ራምሴስ ድንጋይ ነው። በ1883 ሮማ ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ፤ የዶጋሊ ወሬ ሲደርስ ስም ተለጠፈበትና የሙታኑ መታሰቢያ ሆነ። ሐዘኑ የራሳቸው፣ ድንጋዩ የሰው።

በዚሁ ሐውልት ሥር ደግሞ የእኛው አንበሳ ታስሮ ነበር። በ1930 በንግሥ በዓል ዋዜማ ለገሃር ላይ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ወራሪው ነቅሎ አምጥቶ እዚህ አስቀመጠው። በ1937 ኤርትራዊው አስተርጓሚ ዘርዓይ ደረስ መጥቶ በፊቱ ተንበረከከ። ሰዎች ሊያስነሡት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። እንግዲህ ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል። የሰማነው ብዙ ጠላት ገድሎ እዚያው በክብር እንደ ወደቀ ነው። ሰነዶቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው። ተያዘ፤ እብድ ተባለ፤ ሲሲሊ ደሴት ባለ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘጋበት። ኢትዮጵያ በ1941 ነፃ ወጣች። ሲሲሊም ራሷ በ1943 ከፋሺስቶች እጅ ወጣች። ዘርዓይ ግን ከዚያ ቤት ሳይወጣ በ1945 ሞተ። ለእኔ ይኼኛው ታሪክ ከዚያኛው ይከብዳል። ጎራዴ መዝዞ መውደቅ የአንድ ደቂቃ ጀግንነት ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ «እብድ ነህ» እየተባሉ መኖርን ምን እንበለው?

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ።

«አንበሳውስ ተመለሰ አይደል?»

«አዎ፣ በስድሳዎቹ ዓመታት ተመልሷል።»

«ልጁስ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። በእጃቸው ወደ ማዶ እያሳዩ «እዚያ ጋ ደግሞ በ2017 የኛን ልጆች በውሃ አባረሯቸው፤ ምግብ ይዤላቸው ሄጄ ነበር» አሉኝ። የነፃነት አደባባይ የሚባለው ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ፖሊስ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መጀመሪያ ከሚኖሩበት ሕንጻ፣ ቀጥሎም ከአደባባዩ በውሃ መድፍ ያስለቀቀበት ቦታ። ከዶጋሊ ሐውልት በእግር ደቂቃዎች ብቻ ይርቃል።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ጥንቷ ሮማ ፍርስራሽ ወረድን። ስለ ዓምዶቹ ብዛት አልተርክም፤ ፖስትካርዱ ይናገራል። ያቆመን የቲቶ የድል በር ነው። በውስጥ ግድግዳው ላይ በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም መቅደስ የተዘረፈው ዕቃ ተቀርጿል፤ ወታደሮቹ ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ በትከሻቸው ተሸክመው ይገባሉ። የሮማ አይሁዶች በዚህ በር ሥር አናልፍም ይሉ ነበር ይባላል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩት። «እነዚህ ደግሞ የማንን ዕቃ ነው የተሸከሙት?» አሉ። ነገርኳቸው። «እንዲያ በለኝ! የቆየ አመል ነው ለካ» አሉና ጉልበታቸውን እያሹ መንገድ ቀጠሉ።

ኮሎሴዎን ከውጭ ተሳልመን አልፈን ፖርታ ካፔና ደረስን። ስመጣ በልቤ የያዝኩት ይህንን ነበር። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነው፤ ማለቴ፣ ቆሞ የነበረው። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን። በ1937 መጣ። ፊት ለፊቱ ያለው ሕንጻ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ ትመልስ ይላል። 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ፈጀ። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሄደ፤ በ2008 አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆመ። አሁን ቦታው ላይ ሁለት ትንንሽ ጥንታዊ ዓምዶች አሉ፤ በ2001 መስከረም 11 ቀን በአሜሪካ ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። መኪናው ይጎርፋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ። ባዶ ቦታ አይቼ እንዲህ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ግን ከመንገዱ ዳር ቆመው ዝም አሉ። ቆይተው፣

«እዚህ ሥር ነበር የምንቀመጠው» አሉኝ። «ሐሙስ ሐሙስ። ቆሎ እንይዛለን፤ አንዷ ደብዳቤ ታነባለች፤ አንዷ ታለቅሳለች። አገር ቤት ያለን ይመስለን ነበር። በ2002 መብረቅ መታው ሲባል ሥራዬን ጥዬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። ኋላ ሊያፈርሱት ሲጀምሩ እልል አልን።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ይላል እንጂ! እንዴት አይል! ግን ልጄ… እሱ ተፈቶ አገሩ ገባ። እኔ ቀረሁ።»

ወደ ቫቲካን በምድር ውስጥ ባቡር ስንሄድ ብዙ አልተነጋገርንም። ጴጥሮስ አደባባይ መካከል የቆመውን ረጅም ድንጋይ ሲያዩ ብቻ «ይሄስ?» አሉ። «ይሄም ከግብጽ ነው» አልኳቸው። «ኧረ የግብጽ ድንጋይ አያልቅም እንዴ!» ብለው ሳቁ። እሳቸው አደባባዩ ላይ ሲያርፉ እኔ ጉልላቱን ወጣሁ፤ 551 ደረጃ ነው። እላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ወደ ከተማው ይዞራል። እኔ ወደ ኋላ፣ ወደ አትክልቱ ዞርኩ። እዚያ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። ከትልቁ ባዚሊካ ጀርባ ተጠግታ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ማረፊያ ነበረች።

እነዚህን ሰዎች ማንም ነቅሎ አላመጣቸውም። በእግራቸውና በመርከብ መጡ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ግዕዝ ከእነሱ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚሁ ሮማ አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1548 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በመጽሐፉ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ፊደሉን የሚለቅሙት ጣሊያኖች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱም ፊደል መልቀም አያውቁም፤ አንዱ ሌላውን እንደ ዕውር እየመራ የተሠራ ነውና ስሕተቱን ታገሡን፣ ነው ነገሩ። ስቴንስል እየቀደደበት፣ ቀለሙ እየፈሰሰበት መጽሔት የሚያወጣ ተማሪ ይህን ሲሰማ ወንድሙን ያገኘ አይመስለውም?

አባ ተስፋ ጽዮን አገራቸውን ሳያዩ በዚያው በጣሊያን ምድር አረፉ። ነገር ግን የሠሩትን ማንም የዘረፈው የለም፤ የሚመለስም አይደለም፤ ወደውና ለፍተው የሰጡት ነውና።

ወርጄ ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው። «ሳይመለስ ቀረ በለኛ» አሉ። ቀጥለውም «ግን ሥራውን ጨርሷል» አሉ። አልመለስኩላቸውም።

ስለ ድንጋይ መመለስ ብዙ ጮኸናል፤ ደግ አድርገናል፤ ገና ያልተመለሰም አለና እንጩህ። ለአንበሳው ጠያቂ ነበረው። ለሐውልቱ ውል ተፈረመለት። ዘርዓይን ግን ከዚያ ቤት ማን ጠየቀው? በየሐሙሱ ቆሎ ይዘው የሚገናኙትን እናቶችስ ማን ይጠይቃቸዋል? ሮማ ላይ አንድ ቀን ውዬ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ ይህ ነው።

አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ አውቶቡስ ተሳፈሩ። በመስኮት «ለእናትህ ደህና ነች በላት፤ ስለ ጉልበቴ እንዳትነግራት» አሉኝ። ሴትዮዋ መድኃኒቷን የምትውጥበት ሰዓት ደርሶ ነበር።