ከሐዋሳ መሃል ከተማ የታየ የደረቀ ሐይቅ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። መሃል ከተማዋ ሜዳ ነው። መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ባጃጅ ይመላለሳል። በስተምዕራብ ሐይቁ አለ። በስተምሥራቅ የወንዶ ገነት ተራሮች ይታያሉ።

አንድ ቀን ፎቶግራፍ ላሳትም እዚያ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር። እስኪመጣ ድረስ ደጃፉ ላይ ጀበና ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጥሁ። ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ ነበሩ። ቡና ጠጪው ሁሉ እየተቀባበለ አያቸው።

መሬቱ ቀይ ነው። እንደ ዛገ ብረት ይመስላል። ደግሞም ዝገት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ነው የቀላው። ድንጋይ አለ፣ አሸዋ አለ፣ ኮረብታ አለ። ሣር ግን የለም። እሾህ እንኳ የለም። የከብት ኮቴ የለም። ያለው የጎማ ዱካ ብቻ ነው።

ይህ አገር ማርስ ይባላል። ሌሊት ቀላ ብሎ ሲታይ ኮከብ ይመስላል እንጂ ኮከብ አይደለም። እንደ ምድራችን ፀሐይን የሚዞር ሌላ ዓለም ነው። ሰው ደርሶበት አያውቅም። ፎቶዎቹን ያነሣው ሾፌር የሌለው መኪና ነው። አሜሪካኖች ላኩት፤ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ማርስ ላይ አረፈ። ስሙ ፐርሲቪራንስ ነው፤ ጽናት ማለት ነው። 6 ጎማ አለው። ክብደቱ 10 ኩንታል ያህል ነው። ከምድር የሚላክለት ትእዛዝ እንደ ማርስ ርቀት ከ5 እስከ 20 ደቂቃ መንገድ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ፊቱ ገደል ቢመጣ ከዚህ ሆኖ «ቁም!» ማለት አይጠቅምም። መንገዱን ራሱ እያየ ነው የሚሄደው።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩ።

«ይሄማ ጨለለቃ ነው» አሉ።

ቡና ሻጯ ሳቀች። «ኧረ አባባ፣ ይሄ እኮ ሰማይ ላይ ያለ አገር ነው!»

«ሰማይም ይሁን ምድር፣ ልጄ፣ ውኃ ተኝቶበት የነበረ መሬት አይጠፋኝም።»

እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ግን ትክክል ነበሩ።

መኪናው ያረፈበት ቦታ ጀዜሮ ይባላል። ቃሉ በአንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሐይቅ ማለት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 45 ኪሎ ሜትር የሆነ ጎድጓዳ ሜዳ ነው፤ ከሐዋሳ ይርጋለም ድረስ ያህል ማለት ነው። ከሰማይ የወደቀ ትልቅ ድንጋይ ቆፈረው። የኛም ሐዋሳ ከነሐይቁ የተቀመጠችው ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ የኛን ግን የፈጠረው ተደርምሶ የሰመጠ እሳተ ገሞራ ነው።

ከሦስት ቢሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት (አንድ ቢሊዮን ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው) ጀዜሮ ውስጥ ወንዝ ይገባ ነበር። እንዴት ታወቀ? በፎቶዎቹ ነው። ወንዝ ሐይቅ ሲገባ ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል። ደለሉ እንደ እንጀራ ይደራረባል። ጫፉ ላይ ደግሞ ወደ ሐይቁ ያዘነብላል። መኪናው ይህንኑ ድርብርብ በድንጋይ ላይ አየ። ጎርፍ ያንከባለላቸው ድቡልቡል ድንጋዮችም አገኘ። ሊቃውንቱ በ2014 ዓ.ም. «አዎ፣ ሐይቅ ነበር» ብለው ጻፉ።

ሽማግሌው ይህን ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ጨለለቃን አይተዋል። ጨለለቃ ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ነው። በ1960ዎቹ ሐይቅ ነበር። ውኃው ጥቁር ውኃ በተባለው ወንዝ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይወርዳል። ከሻሸመኔ የሚመጣ ሰው ከተማው መግቢያ ላይ ወንዙን ይሻገረዋል። በላይ በኩል ደኑ ተመነጠረ። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ አወረደው። ጅረቶቹም ለመስኖ ተጠለፉ። ዛሬ ጨለለቃ ረግረግና የከብት መሰማሪያ ነው።

«በታንኳ የተሻገርሁበትን በእግሬ ሄድሁበት» አሉ።

የማርስን ውኃ ማንም አላደረቀውም። አየሩ ቀስ በቀስ ሳስቶ ወደ ጠፈር በነነ። ከውኃውም ከፊሉ አብሮ ሄደ፤ ከፊሉ በረዶ ሆነ፤ ከፊሉም ድንጋይ ውስጥ ቀረ። ያ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ፈጀ። የጨለለቃው ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አለቀ።

«ታዲያ ዓሣ ነበረበት?» ብለው ጠየቁኝ።

ዓሣ አልተገኘም። መኪናው የሚፈልገው በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ሕይወት ትቶት የሄደውን ምልክት ነው። በ2016 ዓ.ም. እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ አገኘ። ነጠብጣቡን ሕይወት ያለው ነገር ሠርቶት ይሆናል፤ ድንጋዩ በራሱ ጊዜ አውጥቶትም ይሆናል። ገና አልተቆረጠም።

መብራት መጣ። ፎቶው ሲታተም ሽማግሌው አንዱን ለመኑኝ። ሰጠኋቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙና፣

«ለልጅ ልጆቼ አሳያለሁ። ጨለለቃ ሐይቅ ነበር ስላቸው አያምኑኝም» ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።