የቅዳሜው ምስክርነት

ሶዶ ከተማ ተወልደን ያደግን ልጆች የሚሲዮንን ታሪክ የምንሰማው ገና ከእናታችን ጀርባ ሳንወርድ ነው። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር፤ በ1937 ጣልያን አስወጣቸው። ያን ጊዜ የተጠመቀው ምእመን መቶ እንኳ አይሞላም። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ግን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። አያታችን ይህን ባወሩ ቁጥር «እነሱ ሲሄዱ ነው የበዛነው» ብለው ይስቃሉ። አነጋገሩ ስድብ አይደለም፤ ምስጋና ብቻም አይደለም።

እንግዲህ በ2008 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ሰፈራችን ቤት ተከራይቶ ሲገባ፣ «ጸሎት ቤት በሞላበት ከተማ እነዚህ ደግሞ ምን ሊሠሩ መጡ?» ያላለ ሰው አልነበረም። መልሱ «ለወጣቶች አገልግሎት» የሚል ሆነ። ወጣቶቹ እኛ ነበርን፤ አንድ ቅያስ ውስጥ ያደግን አራት ልጆች።

አባትየውን ጋሼ፣ እናትየውን እትዬ እንላቸው ጀመር። ኑሯቸውን በአጥር ቀዳዳ ሳይቀር አጥንተነዋል። ጠዋት ጠዋት እትዬ ሦስቱን ልጆቻቸውን ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀምጠው ራሳቸው ያስተምራሉ። ውሃ የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ስለሆነ፣ የመጣ ለት ትምህርቱ ይቋረጥና ልጆቹም መምህሯም በርሜልና ጀሪካን ይሞላሉ። መጀመሪያ ከሰል ያቀጣጠሉ ቀን ቤቱ በጭስ ከመታፈኑ የተነሣ የጎረቤት ሴቶች እሳት ተነሣ ብለው ሮጠው ደርሰዋል። በራቸው ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል፤ አንዱ መድኃኒት መግዣ ይላል፣ አንዱ የልጅ ደብተር ይላል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ያስነብባል። ጋሼ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ይወርዱና፣ ሳምንት ሙሉ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ሲሉ ሰንብተው «አንድ ወረቀት ጎደለ» ተብለው ይመለሳሉ።

እኛ ግን አገልግሎት ስንል የምናውቀው ቅዳሜን ብቻ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ይከፈታል። ኳስ አለ፤ በጊታር መዝሙር አለ፤ እንግሊዝኛ አለ፤ ከዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ መጨረሻ ላይ ሻይ በዳቦ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የምንሄደው ለኳሱና ለእንግሊዝኛው ነበር። ቃሉን ጠልተን አይደለም። ቃሉንማ እሑድ እሑድ በወላጆቻችን መሐል ተቀምጠን ለሳምንት የሚበቃንን እንሰማለን።

ትልቁ ልጃቸው እኩያችን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ወላይትኛውንም የሰፈሩን አማርኛም አጥርቶ ተናገረ። ያገኘውን ሁሉ «ሳሮ! ሳሮ!» እያለ ሰላም ስለሚል ስሙ ሳሮ ሆኖ ቀረ። ቦዬ በዳጣ ሲበላ እንባው ዱብ ዱብ እያለ «ውሃ አልፈልግም» ይላል። ለጊፋታ ከቤት ቤት ስንዞር ከፊት የሚሮጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ጋሼ የወር ደመወዝ እንደሌላቸው ያወቅነው በ2010 ዓ.ም. ነው። የሚኖሩት አገራቸው ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና ወዳጆች ቃል ገብተው በየወሩ በሚልኩት ገንዘብ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ስለ ሥራቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ደብዳቤ ደግሞ ታሪክ ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ «ጌታ ምን አደረገላችሁ? እስቲ ማን ይመስክር?» አሉን። ሁሉም ዝም። ጋሼ አንገታቸውን ሲደፉ አሳዘኑን።

ያኔ ከመካከላችን አንዱ ተነሣ። ጫት ይቅም እንደነበር፣ መናኸሪያ በረንዳ ያድር እንደነበር፣ ኪስ ያወልቅ እንደነበር፣ ከዚህ ሁሉ ያወጣው የቅዳሜው ጉባኤ እንደሆነ መሰከረ። ልጁ አንድም ሌሊት ከእናቱ ቤት ውጭ አድሮ አያውቅም። የሰረቀው ነገር ቢኖር የጎረቤት አቮካዶ ነው። እትዬ አለቀሱ። ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ደብዳቤው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የግል ትምህርት ቤት ክፍያና አዲስ ጫማ መጣለት። እኛስ? የጫማው ባለቤት በየሳምንቱ ብስኩት ስለሚጋብዘን አፋችን ተይዞ ነበር።

እናቱ ገበያ ቆጮ ሸጠው የሚያሳድጉት ሴት ናቸው። «ልጄን ያስተማረልኝን ሰው ሳላመሰግን አልቀርም» ብለው ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው እትዬ ዘንድ ሄዱ። አስተርጓሚው ሳሮ ነው። እኛ በሩ ላይ ቆመን እግራችን ይንቀጠቀጣል። እትዬ በእንግሊዝኛ «ልጅዎ ከጎዳና ወደ እርስዎ በመመለሱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን» አሉ። ሳሮ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየን። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ በወላይትኛ «ጎበዝ ልጅ አለዎት፤ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ ትላለች» አላቸው። ሴትዮዋ መረቁ። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ አንዷ ያለቀሰችበትን ሌላይቱ ሳታውቅ።

ሳሮ ስለዚያ ቀን ለሁለት ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ቤተሰቡ በጥቂት ቀን ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ እንዲወጣ ተነገረው። በመጨረሻው ምሽት ሳሮ አጥሩ ሥር፣ እኛ ደግሞ ራቅ ብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያ ልጅ «ለምን አላጋለጥከኝም?» አለው።

ሳሮ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እኔም እኮ እንዳንተው ነኝ» አለ። «ባለፈው ክረምት አሜሪካ ስንሄድ በየቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ላይ እያወጡ ‘አፍሪካን ትወዳታለህ?’ ይሉኛል። ‘በጣም!’ እላለሁ፤ ያጨበጭባሉ። እዚህ የመጣን ዓመት ሌሊት ሌሊት ‘ወደ ቤት እንሂድ’ እያልኩ ማልቀሴን ግን የጠየቀኝ የለም። አሁን ደግሞ ወደ ቤት ልንሄድ ነው አሉኝ። የቱ ቤት እንደሆነ አላውቅም።»

በማግሥቱ ማለዳ መኪናው ሲነሣ፣ መጨባበጥ ስለተከለከለ ጋሼ በሩቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተሰናበቱን። ያ ልጅ ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «በሰላም ግቡ» ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ ያስታወሰን ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ወዳጆቻችን፣ እናንተው ናችሁ። ተመድበን እዚህ ግቢ የገባን ሰሞን ከየት ናችሁ ስትሉን ከወላይታ አልን። «እንዲያማ ከሆነ ጨፍሩልና!» አላችሁን። ጸሎት ቤት ያደግን ልጆች ጭፈራ የት እናውቃለን? እኛ ቤት ዘፈን የተከፈተ ለት አያታችን ሬዲዮኑን ይዘጉታል። ግን ተነሥተን ወገባችንን አወዛወዝን፤ እናንተም አጨበጨባችሁ፤ በዚያው ወዳጅነት ተጀመረ። ያን ሌሊት አልጋችን ላይ ተጋድመን ሳሮን አሰብነው።

ሰው ባዕድ አገር ሲገባ የሚፈለግበትን ቶሎ ያውቃል። የሚሰጠውም የሚቀበለውም አንዱ የሌላውን ዓይን እያየ ይናገራል። ጋሼ ታሪክ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ልጁ ጫማ። በመካከሉ ጓዳቸውን ከፍተው ያበሉን፣ ከእኛ ጋር ውሃ የቀዱ፣ ጭስ ያፈናቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን ማንም በደብዳቤ አልጻፈውም። እውነተኛው ምስክርነት ግን ይኸው ነበር።

በዚህ ሳምንት ለጋሼ ደብዳቤ ጽፈናል። መናኸሪያ ያደረ ልጅ አልነበረም፤ ቅዳሜዎቹ ግን እውነት ነበሩ፤ እንግሊዝኛውም ይኸው እስከዚህ አደረሰን ብለናል። ይቅርታ ያደርጉልን እንደሆነ እናያለን። እዚህ ጽሑፍ ላይ ከላይ እስከ ታች «እኛ» ስንል ቆይተናል፤ ለመሸሸግ ይመቻል። ደብዳቤው ላይ ግን የፈረመው አንድ ሰው ነው።