ባቡር የወረደበት ዳገት

ድሬዳዋ ውስጥ ብስክሌት መንዳት ቻልኩ ብሎ የሚፎክር ሰው፣ ውኃው ደረቱ ላይ በሚደርስ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ዋናተኛ ነኝ ከሚል አይሻልም። የከተማዋ ሰፈር ከዚራ ሜዳ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በሰልፍ የቆመ፣ ጥላውን የማይነፍግ። ፔዳሉን አንዴ መታ አድርጎ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ሰላምታ እየሰጡ መንሳፈፍ ይቻላል። ችሎታ የሚጠየቀው ከከተማው ወደ ደቡብ ወጥቶ ደንገጎ ዳገት ላይ ነው።

እኔ ደግሞ ደንገጎን መውጣት እወዳለሁ። አንዳንዴ በብስክሌት፣ ብዙ ጊዜ በእግር፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱንም በአንድነት፣ ማለትም ብስክሌቱን እየገፋሁ። ጓደኞቼ በሽታ ነው ይላሉ። «አቦ፣ ሚኒባስ እያለ!» ይሉኛል። ሚኒባስ መኖሩን አውቃለሁ፤ በየኩርባው ጥሩምባውን እየነፋ አልፎኝ ይሄዳል። ምክራቸው ስለበዛ ግን ይህ አመል ከየት እንደመጣ ማጣራት ጀመርኩ። አንድ ሰው አመሉን ከራሱ አውጥቶ በታሪክ ላይ ቢያላክክ ምን ክፋት አለው? ፍለጋዬም ከተማዋ ራሷ ዘንድ አደረሰኝ።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ውጥኑ ትንሽ አልነበረም። ባቡሩ ከጅቡቲ ሐረር ይገባል፤ ከሐረር ወደ እንጦጦ ይቀጥላል፤ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ይዘልቃል። በወረቀት ላይ ዳገት የለምና ሁሉም ነገር ተመቻቸ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ሐረር ግን ከላይ ነበረች። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ሐዲዱን ተራራ ላይ ለመስቀል የሚጠይቀውን ወጪ ሲያሰሉ ሐረር እንድትቀር ወሰኑ። ባቡሩ ሐረር መውጣት ካልቻለ ሐረር ትውረድ በሚመስል አኳኋን፣ ግርጌው ላይ የተቆረቆረችው ከተማ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ስሙ ብዙ አልቆየም። ድሬዳዋ፣ ድሬዳዋ ሆና ቀረች።

ሒሳቡን በእግሬ አረጋግጬዋለሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ እስከ ድሬ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ለመውጣት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ወስዶ፣ በረሃውን እያማረጠ ነው የመጣው። ከድሬ ደንገጎ አናት ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አናቱም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣል ማለት ነው። ብረት በብረት ላይ የሚንከባለል ነገር ከ3 ሜትር ሲያልፍ ማኩረፍ ይጀምራል፤ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። የብስክሌት ጎማስ አስፋልቱን ይነክሳል፤ የሚያኮርፈው ጉልበት ነው።

የባቡር ኩባንያውን ብቻውን ላሳጣው አልፈልግም። ከእሱ በፊት የነበሩትም ተራራው ሥር ሲደርሱ ቆም ብለው ያስቡ ነበር። ሐዲዱ ሳይዘረጋ የሐረር ንግድ ከዘይላ ወደብ በግመል ይመጣ የነበረው በገልዴሳ በኩል ነው። ገልዴሳ ከድሬ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በረሃውና ተራራው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ናት። እዚያ ቀረጥ ይከፈላል፣ ጭነት ይራገፋል፣ የበረሃው ሰው ለደጋው ሰው ያስረክባል። ድሬ በኋላ የሠራችውን ሥራ ገልዴሳ ቀድማ ሠርታዋለች። ባቡሩ ሲመጣ ርክክቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

በዚያው መንገድ ከሐረር የወረደው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦም ያለ ጎማ ነው የተጓዘው። ግጥሙን ትቶ ሐረር ውስጥ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የኖረው ይህ ሰው በእግሩ መሄድ የሚወድ ነበር። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታምሞ መቆም ሲያቅተው፣ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ 16 ተሸካሚዎች እስከ ዘይላ አወረዱት። በረሃውን ዝናብና ብርድ እየመታው ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ እግሩ ማርሴይ ውስጥ ተቆረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዳገቱን ወጥቼ ጉልበቴን ሲያመኝ ይህን ታሪክ ላለማስታወስ እጥራለሁ።

ከዚህም በፊት የነበረውን የሚፈልግ ከከተማዋ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባለውን ዋሻ ይይ። በ1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቄሱ ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርዳን ያገኙት ነው። ዋሻው ከደቻቱ ወንዝ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ይከፈታል። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ወንዙ ዳር መኖር ሲችሉ እዚያ ድረስ እየወጡ ነበር፤ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጭ ትተው ሄደዋል። ለመሣሪያ የሚጠርቡት ባልጩት ደግሞ ከአሰቦት፣ ከአየሉና ከቆኔ፣ ማለትም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት የመጣ መሆኑ በምርመራ ታውቋል። ፈረስ የለ፣ ግመል የለ፣ ባጃጅ የለ። «ሚኒባስ እያለ» ለሚሉኝ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «እነሱማ አማራጭ አልነበራቸውም» ይሉኛል። መልስ አጥቼ ሳይሆን ትንፋሽ አጥቼ ዝም እላለሁ።

ዛሬም ዳገቱ ላይ አማራጭ የሌላቸው ሰዎች ይበዛሉ። ገና ሳይነጋ ከላይ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው፦ አንዷ ማገዶ በጀርባዋ፣ ሌላዋ ወተት በቅል፣ ሌላዋ አትክልት የጫነች አህያ ከፊቷ እየነዳች ወደ ቀፊራ ገበያ። እኔ በሦስተኛው ማርሽ፣ ከዚያ በሁለተኛው፣ ከዚያ በአንደኛው፣ በመጨረሻም ወርጄ ስገፋ ያገኙኛል። አንድ ቀን አንዲት እናት አህያዋን አስቁማ ብስክሌቴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ልጄ፣ ይሄ ታሞብህ ነው?» አለችኝ።

«አይ እናቴ፣ ደህና ነው። ዳገት ሲሆን እኔ እገፋዋለሁ፤ ቁልቁለት ሲሆን እሱ ይሸከመኛል።»

ትንሽ አሰበች። «የኔ አህያ ሁለቱንም ትሸከማለች» ብላ ሄደች።

ይህቺ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰችውን ነገር መሐንዲሶቹ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀባቸው። ሜዳውን ፈጣን ነገር ይወስደዋል፤ ተራራው ጋ ሲደርስ ጭነቱን ለእግር ያስረክባል። ድሬን ያበለጸጋት ይህ ርክክብ ነው። ባቡሩ ከ1895 በኋላ ገንዘብ አልቆበት ኩባንያው ከሥሮ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሃሉ ባሉት ዓመታት መጋላ ሰፈር ውስጥ የሚራገፈውን፣ የሚጫነውንና የሚሸጠውን ዕቃ አስቡት። ኩባንያው እየከሠረ ከተማዋ አደገች።

ተራራው የሚልከው ግን ገበያ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ የሚኖረው ደቻቱ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ የዳገቱን ዝናብ ይዞ ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ያን ሌሊት የኖረ የድሬ ሰው ከላይ ደመና ሲጠቁር ቀና ብሎ ያያል። እኔም ተራራው ላይ ሆኜ ዝናብ ከጀመረ ስለ መውረዴ ሳይሆን ታች ስላሉት ነው የማስበው።

አናቱ ላይ ያለው ሽልማት ነፋስ ነው። ደንገጎ ላይ ጃኬት ይለበሳል፤ ትኩስ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ወዲያ አዴሌ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ እያለ መንገዱ ሐረር ይገባል። መመለሻው ሌላ ወግ ነው። ከአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ ብስክሌተኛ የመንገዱን ዳር ሳይሆን የነፍሱን ዳር ይይዛል። የፍሬኑ ጎማ ሲግል የሚሸት ሽታ አለው፤ ጆሮ ይደፈናል፤ በየኩርባው አየሩ ይሞቃል። 1,000 ሜትር ሲወረድ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና፣ አናቱ ላይ የዘጉት የጃኬት ዚፕ ከግማሽ መንገድ በታች አይፈለግም።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከአሮጌው ይፈጥናል፣ ይከብዳል፣ ያምራልም። ሐረርን ግን እሱም አላያትም፤ በረሃውን ይዞ ያልፋል። የድሬ ጣቢያው ራሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ስለሆነ ተሳፋሪው ወርዶ ባጃጅ ይፈልጋል። ከመቶ ዓመት በላይ የመሐንዲስ ዕውቀት ቢጨመርም ውሳኔው ያው ነው።

ስለዚህ ደንገጎን መሞከር የሚፈልግ ሰው ካለ ምክሬ አጭር ነው። ከንጋት በፊት ይነሳ፣ ውኃ ይያዝ፣ ፍሬኑን ከመውጣቱ በፊት ያስፈትሽ። ጉልበት ሲከዳው ከብስክሌቱ ወርዶ ለመግፋት አይፈር። እዚህ ዳገት ሥር ነጭ ዓባይ እደርሳለሁ ብሎ የመጣ ኩባንያ ሳይቀር ወርዷል፤ እሱም እንደኛ ሊገፋ እንኳ አልሞከረም።