ሰላይዋ የወንድሜ ልጅ

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ የማንጎው ወቅት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እናቴን ልጠይቅ አሶሳ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ባዶ እጅ አይገባምና ለእናቴ ነጠላ፣ ዘጠነኛ ክፍልን ለጨረሰችው ለወንድሜ ልጅ ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁትን አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ይዤ ገባሁ። ልጅቷን ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት፤ እዚህም ሚጡ ትሁን። መቼም ነጠላ መዘዝ አያመጣም። መዘዙን ያመጣው መጽሐፉ ነው።

ደራሲዋ አሊ ካርተር የምትባል አሜሪካዊት ናት። መጽሐፉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 የወጣ ሲሆን ርእሱ ወደኛ ሲመለስ «እንደምወድህ እነግርህ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ልገድልህ ግድ ይሆንብኛል» እንደማለት ነው። ተከታዮቹ አምስት መጻሕፍት እስከ 2013 ድረስ ወጥተዋል። ታሪኩ የሚካሄደው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ለከተማው ሰው የሀብታም ቅምጥል ልጆች የሚማሩበት ይመስለዋል እንጂ ትምህርት ቤቱ የሚያሠለጥነው ሰላዮችን ነው። ባለታሪኳ ካሚ የርእሰ መምህሯ ልጅ ናት፤ አባቷ ለስለላ ተልእኮ እንደወጣ ጠፍቶ ቀርቷል። ልጅቷ አሥራ አራት ቋንቋ ትናገራለች፣ ጎረምሳን በባዶ እጇ መጣል ታውቅበታለች፤ ከአንድ ተራ የከተማ ልጅ ጋር እንዴት እንደሚወራ ግን አታውቅም። ስለዚህ የተማረችውን ጥበብ ሁሉ በልጁ ላይ ታውለዋለች። ጓደኞቿን አስከትላ የቤተሰቡን ቆሻሻ እስከመበርበር ትደርሳለች።

ማታ ማታ ሚጡ ታነባለች፣ ያስቸገራትን እኔ እመልስላታለሁ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ሳቃችንን ትሰማለች። የካሚ ቅጽል ስም ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ቆምን። ልጅቷ ሰው መሀል ቆማ ስለማትታይ የሚጠሯት በእንስሳ ስም ነው፤ እንስሳው እስስት ነው። እዚያ ሙገሳ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ልጅን እስስት ብሎ መጥራት ለጠብ መጋበዝ ነው።

«አክስቴ፣ አማርኛ ሰላይ አይወድም ማለት ነው» አለችኝ ሚጡ።

ነገሩ አሳሰበኝ። ጆሮ ጠቢ፣ አቃጣሪ፣ ነገር አመላላሽ፤ ለዚህ ሥራ ካሉን ስሞች ውስጥ አንድም የሚያስቅ የለም። መጻሕፍቱም እንደዚያው ናቸው። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ከአባቴ ሳጥን እየሰረቅሁ ያነበብኳቸው የስለላ መጻሕፍት በአብዛኛው በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ማሞ ውድነህ የጻፏቸውና የተረጎሟቸው ነበሩ። ጦርነት፣ ክህደትና ሞት የሞላባቸው፣ ከእጅ የማይወርዱ ናቸው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም አለ፤ በአስመራ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዙሪያ ፍቅርና ስለላ የተጠላለፉበት ልቦለድ ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እንግዲህ የስለላ ልቦለድ የጻፈው ራሱ በሚጠፋበት አገር፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ እየሳቀች የምትሰልልበትን መጽሐፍ ማን ይጻፈው?

ሴት ሰላይ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የውስጥ አርበኞች የሚባሉት በጠላት መሀል ተቀምጠው ወሬውንም ጥይቱንም መድኃኒቱንም ወደ ዱር የሚያሾልኩ ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ሴቶች ብዙ ናቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተወስደው ታስረዋል፤ ሲመለሱም አርበኝነታቸውን አልተዉም። ይህንን ለሚጡ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንግዲህ በከፊል የእኔ ጥፋት ነው።

በአራተኛው ቀን ሚጡና ሁለት ጓደኞቿ ሥራ ጀመሩ። አንደኛዋ የጎረቤታችን የበርታ ተወላጅ ልጅ ናት፤ በርታኛ፣ አረብኛና አማርኛ ትናገራለች፣ እንግሊዝኛውን ስንጨምርላት አራት። አሥራ አራት ባይሞላም ለአሶሳ የሚበቃ ነው። አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር መዘገቡ። አይቼዋለሁ፤ በጣም አስቆኛል። «ጎኑ የተሰነጠቀው ባጃጅ ከሰዓት በኋላ 3 ጊዜ ማንጎ ተራ ቆመ። ሹፌሩ ማንጎ አይገዛም።» ባለማንጎዋን ያየ ሰው ሹፌሩን አይፈርድበትም። «እማዬ በረካውን ካወጣች በኋላ እንደገና ቡና ቆላች። ወሬው አላለቀም።» እንዲህ እያለ ይሄዳል።

ከሥር ደግሞ ይህ ነበር፤ «ከጀርባ ያለው ክፍል አዲስ ተከራይ ገብቷል። አረብኛ ነው የሚናገረው። ማታ ማታ ስልክ ይዞ ብቻውን ይወጣል።»

እኔ እሱንም ስቄ አለፍኩት። እናቴ አላለፈችውም።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ነው። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷ ከፊደል ፊደል ይሄዳል። ደብተሩን መደቡ ላይ አግኝታ እስከ መጨረሻው እንደዚያ አነበበችው። ከዚያ አንድም ቃል ሳትናገር ጀበናውን አነሳችና ደብተሩን ፍሙ ላይ አስቀመጠችው። ሽፋኑ ሲንጨረጨር ሚጡ ጮኸች። እናቴ ግን እስኪያልቅ ድረስ በቁራጭ እንጨት ታገላብጠው ነበር።

ማታ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ተቆጣኋት። የልጅ ጨዋታ ነው፣ ምን ያህል ያስፈራል አልኳት።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት ወንድሜን የወሰዱት ስሙ የሰው ደብተር ውስጥ ተገኝቶ ነው» አለችኝ።

ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል። እናቴ ወንድም እንደነበራት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በ1977 ድርቅ ከወሎ በሠፈራ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ ጆንያና አንድ ልጅ ብቻ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ሌላ ነገርም ይዛ ኖሯል።

እርግጥ ነው፣ ያ ዘመን አልፏል እል ነበር። ግን አሶሳ መሆኔን ረስቼዋለሁ። ድንበሩ፣ ኩርሙክ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ማዶ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ነው፣ ሸሽቶ የተሻገረው ሰው ብዙ ነው። በክልሉም ከ2011 ወዲህ በከማሺና በመተከል ስንት ሰው እንደሞተና እንደተፈናቀለ አንባቢ አይዘነጋውም። እንዲህ ባለ ቦታ «አረብኛ ይናገራል፣ ማታ ይወጣል» የሚል ጽሑፍ ሳይታወቅ ከሰው እጅ ቢገባ፣ የልጅ ጽሕፈት መሆኑን ማን ልብ ይለዋል?

ከአሜሪካም የተቃጠለ ባይሆን የተነበበ ደብተር አለ። ሉዊዝ ፊትዝሂው በ1964 ባወጣችው «ሰላይዋ ሃሪየት» ውስጥ፣ የ11 ዓመቷ ልጅ ስለጓደኞቿ የጻፈችውን ራሳቸው ጓደኞቿ ያነቡባታል። ቅጣቷ መገለል ነው። መጽሐፉ ያን ጊዜ ቢያስቆጣም ዛሬ የልጆች ክላሲክ ነው። ስለሃሪየት ሳስብ ቀናሁ፤ ለልጅ ስህተት የሚከፈለው ዋጋ የሚመጠንበት ቦታ መሆን አለበት።

«ለመሆኑ ተከራዩ ማነው?» አልኳት እናቴን።

«ሚስቱ ማዶ ቀርታለች። ኔትወርክ ፍለጋ ነው የሚወጣው፤ የሚሠራው ሾላው ሥር ብቻ ነው። ሁለት ልጅ አለው፣ ትንሿ ጉሮሮዋን ያማታል።» ከሰውየው ጋር የጋራ ቋንቋ እንኳ የላቸውም። በሦስት ሲኒ ቡና ይህን ሁሉ አወቀች። ሚጡ በአራት ቀን ክትትል ያላገኘችውን ማለት ነው። እንዲህ ያለች ሴት ደብተር ብትፈራ አይፈረድባትም፤ ሁሉም በጭንቅላቷ ነው።

ሚጡ ለሁለት ቀን አኮረፈች። መጽሐፉን ግን አልተወችም፤ ጨረሰችው። በመጨረሻው ማታ እኔ ሻንጣዬን ሳስተካክል እናቴ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። የሚያስቀው ክፍል ትዝ ብሏት ልትነግራት መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ ካሚ አባቷ የት እንደገባ አታውቅም» አለቻት። ቀጥላም፣ «ወንድምሽ ስሙ ማን ነበር?»

ለካ ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ለካ ያን ማታ አልተኛችም። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች፤ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ ስሙን ነገረቻት። ቁመቱን፣ ይዘፍነው የነበረውን፣ ለትምህርት የወጣበትን ቀን ነገረቻት። እኔ ልብስ ማጠፌን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ የምታቆም መሰለኝ።

መስከረም ላይ ለዓመት በዓል ስደውል እናቴ ስልኩን አነሳችና ጤናዬን ሳትጠይቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሚጡ አዲስ ደብተር ይዛለች፣ አለችኝ። አንብባዋለች፤ ግን ስም የሚባል የለውም፣ ሁሉም ማንጎ ነው፤ ማንጎ 1፣ ማንጎ 2።

«ማንጎ 4 ማን ነው? ቀኑን ሙሉ ቡና ታፈላለች ይላል።»

አላውቅም አልኳት።