ስሜ ላይ ያለው መስኮት

ሰውዬው የልጅ ልጃቸውን የውጤት ካርድ ሊወስዱ ነው የመጡት። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ትምህርት ቤቱ የተገኘሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካርዱን በሚያትመው ፕሮግራሜ ልኮራ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉና ውጤቱን ሳያዩ ስሙ ላይ ቆሙ። እኛ አገር ሙሉ ስም በአያት ነው የሚያልቀው፤ መጨረሻ ላይ ያለው የሳቸው ስም ነው።

«ልጄ፣ ስሜ ላይ ያለው ይሄ መስኮት ምንድን ነው?»

«ጓ» መሆን የነበረበት ቦታ ባዶ ሣጥን ተቀምጧል።

ሣጥኑን በደንብ አውቀዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ካርዱ በሙሉ ሣጥን ነበር። ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው አማርኛ ፒዲኤፍ ሲሆን የሣጥን ሰልፍ ይሆናል። መጀመሪያ ዳታቤዙን ጠርጥሬ አንድ ቀን ሙሉ ፈተሽኩ፤ በከንቱ! ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቶ ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የጥያቄ ምልክት ነው። ሣጥን ሲመጣ ግን ፊደሉ ደርሷል፣ የሚስለው ፎንት ነው የታጣው። ብሮውዘር ሲቸግረው ከኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይበደራል። እኔ የተጠቀምኩበት የፒዲኤፍ ላይብረሪ ግን ካልሰጡት አይበደርም፤ ፒዲኤፍ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቃቸው 14 መደበኛ ፎንቶች ውስጥ ደግሞ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን መልክ አይሰጠውም።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፋይሉ ውስጥ ስከት ሁሉም ተስተካከለ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ፋይሉ እንዲቀልልኝ ብዬ ፎንቱን ቀነስኩት፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33ቱን በየሰባት ቤታቸው፣ 231 ፊደል፣ ከነነጥቦቹ አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩ። በልጅነቴ ገበታ ላይ የቆጠርኩት ይኸንኑ ነበር። ዲቃላዎቹን ረሳኋቸው። («ረሳኋቸው» ራሱ በኔ ፎንት አይጻፍም ነበር።) ከሞከርኩባቸው ስሞች መካከል አንዱም ዲቃላ ፊደል አልነበረው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መጀመሪያ የጻፉት ቃል ስማቸው እንደነበር ነገሩኝ። «ያቺ ጓ እጄን አስቸግራው ነበር» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እስክትመጣ እጠብቃለሁ።»

ላፕቶፔን ከፍቼ ሙሉውን ፎንት መለስኩ። ፋይሉ ትንሽ ከበደ፤ ይክበድ። ካርዱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ገና ሙቀቱ ነበረው። የቀድሞውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ አዲሱን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል፣ ከልጁ ስም እስከ ራሳቸው ስም አነበቡ።

የሂሳቡን ውጤት አይተው የተቆጡት ከዚያ በኋላ ነው።