ባትሪው የማን ነው?

እኛ ጣሪያ መቺዎችና በርና መስኮት ገጣሚዎች ነን። መኖሪያችን ጭሮ ነው። አሰበ ተፈሪ ማለት ከሚቀናችሁም ጋር እንግባባለን። እንጀራችን ግን ያለው ከከተማው ውጭ ነው። አንዴ በበዴሳ በኩል ወደ ገለምሶና መቻራ እንሄዳለን፤ አንዴ ወደ ሂርና እንወጣለን፤ አንዴ ደግሞ ወደ ሚኤሶ ቆላ እንወርዳለን። የገጠር ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ሲሠራለት፣ መጋዘን ሲቆም፣ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለን የምታዩን እኛው ነን።

ሥራው ከከተማ በራቀ ቁጥር ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛው ቀዝቃዛ ለስላሳ ነው፤ እሱን እንችለዋለን። ሁለተኛው የስልክ ቻርጅ ነው። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

«ለፌስቡክ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም ወዳጃችን! ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ስልክ ቦርሳ ሆኗል። የእኛም የሳምንት ሒሳብ የሚገባው በዚያው ነው። ስልኩ ከዘጋ ብሩ አለ፣ ግን የለም። ቀጣዩ ሥራ የሚመጣውም በስልክ ነው፤ ደውሎ ያጣን ሰው ሌላ ይጠራል። የቤት ወሬ፣ ደጉም ክፉውም፣ በዚያችው ስልክ ነው የሚደርሰን።

«ጄኔሬተር የላችሁም?» ትሉን ይሆናል። አለን። የሚነሳው ግን ለብየዳ ነው። ቤንዚኑ ከከተማ በጀሪካን ተጭኖ ስለሚመጣ ብየዳው እንዳለቀ ይጠፋል። ደግሞስ ስድስት ስልክ አንድ ላይ ቢሰካ የሚፈልገው 60 ዋት አካባቢ ነው። ለእሱ ብሎ ባለ 2000 ዋት ማሽን ሌሊቱን ማስጮኽ አንድ ሲኒ ቡና ለማፍላት የግንድ ክምር እንደማንደድ ነው። የገበያ ቀን ከሆነ ስልክ በክፍያ የሚሞሉ ሱቆች አሉ። ገበያው ግን በየቀኑ አይቆምም፤ መንገዱም ሩቅ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የድሪሏ ባትሪ ትዝ የምትለው።

ገመድ አልባ ድሪል አዲስ ነገር አይደለም። ብላክ ኤንድ ዴከር የመጀመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ሊትየም ባትሪ በእጅ መሣሪያዎች ላይ መግባት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ነው። ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆነ። አንድ ባለ 18 ቮልት፣ 4 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ውስጡ 72 ዋት-ሰዓት ይዟል። የዘመኑ ትልቅ ስልክ (ባለ 5000 የሚባለው) 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በመንገድ የሚባክነውን ስንቀንስ አንድ የድሪል ባትሪ ሦስት ትልልቅ ስልኮችን ይሞላል። ባለ ቁልፏ ትንሿ ስልክ ከሆነች ደግሞ ከአሥር በላይ! እንደ ማኪታና ዲዋልት ያሉት አምራቾች ራሳቸው ለዚሁ ሥራ የሚሆን አዳፕተር ይሸጣሉ። ባትሪው ላይ ይሰካል፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፣ አለቀ።

ጣጣው የሚመጣው አዳፕተሩ ሲቀርና ሽቦ ሲተካው ነው። ከፎርማን ተደብቆ ቀይና ጥቁር ሽቦ እየቀጠለ ስልኩን የሚሞላ ልጅ በየሳይቱ አይታጣም። ሙሉ የድሪል ባትሪ ወደ 21 ቮልት ይጠጋል፤ የስልክ ገመድ የሚጠብቀው ደግሞ 5 ቮልት ነው። በቀጥታ ከተገናኙ ስልኩን ደህና ሁን ማለት ነው። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ከተነካኩም እሳት አለ። ሌላም ጉዳት አለው፦ ሊትየም ባትሪ እስከ መጨረሻው ጠብታ መመጠጥ የለበትም። በአንዳንድ ምርቶች «ይብቃህ» ብሎ የሚያቆመው መቆጣጠሪያ ያለው ድሪሉ ውስጥ እንጂ ባትሪው ውስጥ አይደለም። ድሪሉን ዘሎ በሽቦ የሚስብ ሰው የሚያስቆመው የለም። እንዲያ ሆኖ ያደረ ባትሪ ጠዋት ቻርጀሩ ላይ ቢሰካ እምቢ ሊል ይችላል። አዲስ ባትሪ ደግሞ ስንት የቀን ሥራ እንደሚበላ ገዝቶ ያየ ያውቀዋል።

ስለዚህ ባትሪውን የሚቆልፍ ፎርማን ከመሬት ተነስቶ ክፉ ሆነ አንልም። ሥራው በጊዜ ካልተረከበ የሚጠየቀው እሱ ነው። ግን ይህን ስሙ።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከበዴሳ ወጣ ያለ ቦታ ነበርን። ቤንዚን አልቋል። ከመካከላችን የታናሹ ልጅ ስልክ ማታ ዘጋ። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሙሉ ባትሪ ከነአዳፕተሩ አለ። ልጁ ቢለምን ፎርማኑ «የሥራ ነው! ነገ ድሪሉ ቢቆም መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ?» አለው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ጫት ሊጭን የመጣ የሂርና ሾፌር ልጁን አይቶ ደነገጠ። «አንተ! እናትህ ጭሮ ሆስፒታል ከገቡ ሁለት ቀናቸው ነው። ስንቴ ተደወለልህ!»

ፎርማኑ ራሱ ነው ሞተር ሳይክል ፈልጎ፣ ከኪሱ ከፍሎ፣ ልጁን የላከው። እናትየው ድነው ወጡ፤ ተመስገን ነው። ልጁ ሲደርስ መጀመሪያ ያሉት ግን «ምነው ልጄ፣ ስልክህን ዘጋህብኝ?» ነበር አሉ። እስቲ ይህን ለእናት እንዴት ብሎ ያስረዳል ሰው? «ባትሪ ነበረ፣ ግን የሥራ ነው» ይባላል?

ከዚያ ወዲህ ከፎርማኑ ጋር ተቀምጠን ሕግ አወጣን። ብየዳ ላይ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ባትሪዎቹ ሁሉ ቻርጀር ላይ ይውላሉ፤ ቤንዚኑ እንደሆነ እየነደደ ነው። ከባትሪዎቹ ያረጀው አንዱ በቀይ ቀለም ተለይቶ «የሰው» ተብሏል፤ ድሪል ላይ አይገባም። የሚሞላው በአዳፕተር ብቻ ነው፣ ሽቦ ክልክል። ተራው በቤቱ ሕመምተኛ ወይም ወላድ ካለበት ይጀምራል፣ ከዚያ ባለ ቁልፍ ስልኮች፣ ጌም የሚጫወት መጨረሻ። የባትሪው መብራት አንድ ሲቀር ይነቀላል። ቆላ ስንወርድ ደግሞ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ ከቤንዚን ጀሪካንም ይርቃል። ይኸው ነው። አንድም ቀን ሥራ ቆሞ አያውቅም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ እየበረረ በሚኤሶ ያልፋል። የዓለም ባንክ መረጃ እንደሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው የሚሠራው ደግሞ ገና መብራት ባልደረሰበት ቦታም ጭምር ነው። መብራቱ እስኪደርስ የሚሠሩት ሰዎች እናት አላቸው።

ለዚህ ነው ኮንትራክተሮችን አንድ ነገር የምንለምነው። ሥራ ስትተምኑ ምስማሩን ትቆጥራላችሁ፣ ሲሚንቶውን ትቆጥራላችሁ፣ ለሠራተኛው የሚጠጣ ውኃ ትቆጥራላችሁ። አንድ ባትሪና አንድ አዳፕተርም ከውኃው ጎን ጻፉልን። ተደብቆ በሽቦ ከሚቃጠለው ይልቅ በግልጽ የተሰጠው ይረክሳል።

በሉ፣ ቸር ወሬ ያሰማን። የሚሰማበትንም ስልክ አይዝጋብን!