አሥራ ሁለት ሰው ለአሥራ አራት ቀን



ውድ አንባብያን! ይህን የምጽፍላችሁ ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ነው። ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ሕፃናትን አስቀራለሁ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ስልክ ጨዋታ ነው። «ኡስታዙን ምን ነካቸው?» እንዳትሉኝ አደራ! እኔም ራሴ ተማሪ ስልክ ሲነካካ ካየሁ ቀምተው መሳቢያ ውስጥ ከሚቆልፉት መምህራን አንዱ ነበርሁ።

በ2015 ዓ.ም. የአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስልክ እንዲሁ ቀማሁ። ልቆልፈው ስል ግን ስክሪኑ ላይ ያየሁት ነገር አስቆመኝ። ገበጣ ነበር። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም ጠጠር፤ እኔ በልጅነቴ ከመድረሳው ጓሮ መሬት ቆፍሬ የተጫወትሁት ያው ገበጣ! «ከየት አወረድኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አላወረድሁትም ኡስታዝ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለኝ። ኮምፒዩተር የለውም። ጎዶት የሚባለውን በነፃ የሚገኝ የጨዋታ መሥሪያ ስልኩ ላይ ጭኖ፣ በተሰነጣጠቀ ስክሪን፣ በአውራ ጣቱ ነበር መስመር በመስመር የጻፈው። ስልኩን መለስሁለት።

ብዙም ሳይቆይ በክልላችን ግጭት ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ፤ ትምህርትም ተስተጓጎለ። ልጁ የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር፣ መብራት በመጣ ቁጥር ስልኩን እየሞላ፣ ስሕተቱን ራሱ እየፈለገ ጨዋታውን ጨረሰው።

በ2017 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ መስጊድ በር ላይ ጠበቀኝ። ከትልቅ ከተማ አንድ ሰው ደውሎለት ኖሯል። ሰውየው ገበጣውን ወዶታል፤ ነገር ግን ተጫዋቾች ገንዘብ አስይዘው የሚወራረዱበት አድርጎ እንዲለውጠው ይፈልጋል። ለዚህም በየወሩ ደመወዝ ይከፍለዋል። እኔም ሳላመነታ «ይህማ ቁማር ነው፤ በሱረቱል ማኢዳ የተከለከለ ሐራም ነው» አልሁት።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፣ «ሐራም መሆኑንማ እርስዎ ራስዎ አስቀርተውኛል፤ እኔ የጠየቅሁት ሐላሉ በር የት እንደሆነ ነው» አለኝ።

ወንድሞችና እህቶች! በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የወር ደመወዝ አለኝ፤ «ሐራም ነው» ማለት ምንም አያስወጣኝም። በማግስቱ ከልጁ ጋር ተቀምጠን በሮቹን አንድ በአንድ ቆጠርናቸው።

ጨዋታን ለሕዝብ ለማቅረብ በጎግል ፕሌይ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ክፍያው አንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። የአፕል ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከመቶ ብር አልፏል። ብሩ ቢገኝ እንኳ ወደ ውጭ የሚከፈልበት ካርድ በእኛ አገር ስንት ሰው እጅ አለ?

ጨዋታው ከወጣ በኋላስ በምን ይኖራል? በማስታወቂያ እንዳይባል፣ ከኢትዮጵያዊ ተመልካች የሚገኘው ሳንቲም ነው፤ እርሱም 100 ዶላር እስኪሞላ አይከፈልም። አድራሻን ለማረጋገጥም በፖስታ የሚላክ ቁጥር አለ። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር ያ ደብዳቤ በማን በር ይደርሳል? ተጫዋቹ ይክፈል ቢባል፣ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሠራሉ። ይሁን እንጂ በነጋዴነት ገንዘብ ለመቀበል የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ገና አምስት ብር ያላገኘ ልጅ ፈቃድ የሚያወጣው በምኑ ነው?

ይህ ችግር የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ነገርሁት። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ አንዲት ዶሮ ከአሳዳጇ የምትሸሽበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ እንደ ጋናው ሌቲ አርትስ፣ እንደ ኬንያው ኡሲኩ ጌምስና እንደ ካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ካሉ የአፍሪካ ድርጅቶች ጋር ሆኖ ኃይላቸውን የሚያስተባብሩበትን ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን መሥርቷል። «ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውታል» ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያ ተቀድሜያለሁ» አለ። እኔም ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት የአጨዋወቱ ደንብ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ማሳየታቸውን አጫወትሁት። «አንተ የጋይንትን ሥራ» አልሁት።

መመዝገቢያውን ሪያድ ያለች አክስቱ በካርዷ ከፈለችለት። ነገር ግን ሌላ በር ተገተረ። አዲስ የግል ተመዝጋቢ ጨዋታውን ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሳያቋርጡ በሙከራው መቆየት አለባቸው። ቀድሞ 20 ሰው ነበር የሚጠየቀው። እያንዳንዱም የኢሜይል አድራሻ ያስፈልገዋል። በአርብ ገበያ ስንቱ ሰው ነው የኢሜይል ምስጢር ቁጥሩን የሚያስታውስ! እኔ፣ ባለቤቴ፣ መምህራን፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ስልክ ጠጋኙ እያልን በስንት ልመና አሥራ ሁለት ሞላን። በዘጠነኛው ቀን አንድ ባልደረባዬ «ስልኬ ሞላብኝ» ብሎ ከሙከራው ወጥቶ ጨዋታውን አጠፋው። አሥራ አንድ ቀረን፤ ቆጠራውም እንደገና ከአንድ ሊጀመር ሆነ።

አሥራ ሁለተኛ ሆነው የገቡት ያልጠበቅናቸው ሰው ነበሩ፤ የልጁ አባት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጠጠር ሲቆጥር ዕድሜው አለቀ» ሲሉት የኖሩ ሰው ናቸው። ልጁ ያን የቁማር ደመወዝ እንደተወ እናቱ ነግረዋቸው ኖሮ፣ አንድ ማታ ስልካቸውን አውጥተው «እስቲ ጫንልኝ» አሉት። ጥቂት ተጫወቱና ስልኩን ወደ ልጃቸው ገፋ አድርገው፣ «ይህማ ስሕተት ነው፤ እኛ ስንጫወት ጠጠሩ በዚህ በኩል አይዞርም!» አሉ። ልጁ እንደ አባቱ ቃል አስተካከለው። በዚያ ሰሞን አባትና ልጅ በአንድ ስልክ ላይ ጎንበስ ብለው ሲከራከሩ ያላየ ጎረቤት አልነበረም።

አሥራ አራቱ ቀን ሞላ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጨዋታው ወጣ። ሐቁን ልንገራችሁና፣ ያወረዱት ሰዎች ቁጥር ገና መቶ አልሞላም፤ ገቢም የለውም። ልጁ ቀን ቀን ስልክ ጠጋኙ ዘንድ እየሠራ ነው የሚውለው። ያ ሰውዬ አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላል። ልጁ እስከ መቼ እምቢ እንደሚለው እያሰብሁ እሠጋለሁ።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ስልክ ላይ አፍጥጦ ብታገኙት ከመቀማታችሁ በፊት «ምን እየሠራህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሴት ልጃችሁንም እንዲሁ። ሲጫወቱ ከሆነ በልኩ ተቆጡ። የሚሠሩ ከሆነ ግን ስልካችሁን አውጡና ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሁኑላቸው። ነጋዴዎች ደግሞ ፈቃድ ካላችሁ እንደዚህ ካለው ልጅ ጋር በሐላል ብትሻረኩ ከዚያ ደዋይ ትቀድማላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።